ስኳር የሚጠጣ ደም

ፈለቀች ጠዋት ቤተ ሙከራው እንደደረሰች ነጭ ጋዋኗን ትለብሳለች፤ መስኮቱን ከፍታ ከሐይቁ የሚመጣውን የዓሣና የእርጥብ ሣር ሽታ ካስገባች በኋላ ሁለት ቱቦዎች ጎን ለጎን ታቆማለች። በአንዱ የባሏን የምናሴን ደም፣ በሌላው ለማነጻጸሪያ የራሷን ጠብ ታደርግና ስኳር የሟሟበት ውሃ ትጨምርባቸዋለች። ጤነኛ የደም ሕዋስ ስኳሩን አያስገባም፤ ደሙ ቱቦው ሥር ይዘቅጥና ላዩ ጥርት ብሎ ይቀራል። ወባ የገባበት ሕዋስ ግን ሌላ ነው። ተውሳኩ ከውስጥ ሆኖ ግድግዳው ላይ ጨውና ስኳር የሚያልፍባቸው፣ በሙያው አዮን ቻናል የሚባሉ ቀጫጭን በሮች ይከፍታል፤ ውሃው ተከትሎ ሲገባ ሕዋሱ አብጦ ይፈነዳና ቱቦው ከላይ እስከ ታች ይቀላል።

የምናሴ ቱቦ ሁልጊዜ ይቀላ ነበር።

የጀልባ ሞተር ጠጋኙ ምናሴ በትኩሳት ከወደቀ ሰነባብቷል፤ ሐኪሞቹም ያላቸውን መድኃኒት ሁሉ ሞክረው ተስፋ ቆርጠዋል። እሷ ግን በቀላሉ እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። ተውሳኩን ከደሙ ወስዳ፣ በሮቹን የሚዘጋ ነገር እስክታገኝ በሕይወት እንዲቆይ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ በብልቃጥ ታሳድገው ጀመር። ተውሳክ ትኩስ ደም ይፈልጋል። ከደም ባንክ የሚመጣው ሲዘገይባት ክንዷን አስራ የራሷን ቀዳችለት፤ ባልደረቦቿም የሚያደርጉት ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የሌላ ሰው ደም ሲሰጡት ይመነምናል፣ የእሷን ሲያገኝ ይባዛል። «አመለኛ» ብላ ሳቀችበት።

ቤት ደግሞ ጉንዳን ነበር። በበሩ ሥር ገብቶ፣ ግድግዳውን ታክኮ፣ በቀጭን መስመር ወደ ምናሴ ትራስ ይወጣና ላቡ ላይ ይሰፍራል፤ አንሶላ ብትቀይር፣ ወለሉን በበረኪና ብታጥብ ተመልሶ ይመጣል። ላቡ የበሰበሰ ሙዝ ይሸታል። ጆሮዋን ደረቱ ላይ ስታደርግ ከልብ ምቱ ሥር ሌላ ድምፅ ትሰማለች፤ ሕፃን ጡት ሲጠባ የሚያሰማው ዓይነት፣ ቀስ ያለ፣ የማያቋርጥ።

«ውስጤ ሆኖ የሚጠጣ አለ» አላት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ። «አንቺን ያውቅሻል። ስትገቢ ይፈጥናል።»

«ትኩሳቱ ነው የሚያናግርህ፤ በል ተኛ።» ፈርታ ነበር።

በመጨረሻ ብልቃጡ ውስጥ ባለው ተውሳክ ላይ ስትሞክር በሮቹን የሚዘጋ ዱቄት አገኘች። ለሰው ተሰጥቶ አያውቅም፤ ግን ባሏ እያለቀ ነውና በሾርባ በጥብጣ አጠጣችው፣ የተረፈውንም በወረቀት ጠቅልላ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠች። በማግስቱ ላቡ ደርቆ ተነስቶ ተቀመጠ። ከጣቱ የወሰደችው ደም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሳይፈነዳ ቱቦው ሥር ሲዘቅጥ ፈለቀች ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ በደስታ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ቀና ስትል የራሷ ቱቦ ቀልቷል።

አቀያይሬ ይሆናል ብላ ጣቷን ዳግም ወጋች። ደሙ ስኳሩን እንደነካ ፈነዳ። በማይክሮስኮፕ ብትፈልግ ብትፈልግ ሕዋሶቿ ውስጥ አንድም ተውሳክ የለም፤ በሮቹ ግን ማንም ሳይገባባቸው ተከፍተዋል። ወደ ማሞቂያ ሣጥኑ ሄዳ ከብልቃጡ አንድ ጠብታ አየች። ትናንት ሲርመሰመስ የነበረው ሁሉ የለም። ክዳኑ ግን እንደጠበቀ ነው።

ቤት ስትደርስ ገና ፀሐይ ነበር። ምናሴ ጺሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሙዝ ሲልጥ አገኘችው። ትራሱ ላይ አንድም ጉንዳን የለም። ጉንዳኖቹ ወለሉ መሐል ተበትነው ቆመዋል፤ ደጃፉን ስትረግጥ መስመራቸውን ሠርተው ወደ ጫማዋ መምጣት ጀመሩ። አፏን ጨው ጨው አላት፤ ያም የመጥባት ድምፅ አሁን የሚሰማት ከገዛ ደረቷ ሥር ነበር። ወደ ቁም ሣጥኑ ልትሄድ አሰበች፣ እግሯ ግን አልታዘዛትም።

«ፊትሽ ምን ሆነ?» አለ ምናሴ ሙዙን አስቀምጦ እየተነሳ። «አመመሽ እንዴ? ያ ዱቄት ተርፏል አይደል፣ ላምጣልሽ?»

«ደህና ነኝ፤ ዱቄቱን ድፋው» አለው ድምፅዋ ከአፏ ረጋ ብሎ ወጥቶ፤ ፈለቀች ራሷ ግን ገና አልመለሰችለትም ነበር።