አገርነሽ የጠጣችው ወተት

አገርነሽ በረንዳው ላይ ከወንበሯ ተንሸራታ እንደወደቀች ነበረች። ጊዜው ሚያዝያ ፲፱፻፸፬ ነው፤ የአርባ ምንጭ ቀትር ይፋጃል። የፖሊሱ መቶ አለቃ በዛብህ ጎንበስ ሲል የጥጥ ተባይ መድኃኒት ሽታ ሰነፈጠው። ወለሉ ደረቅ ነው። ጠረጴዛው ላይ የቆመው ብርጭቆ እስከ ጭላጩ ተጠጥቷል።

«እኔን ነው ሊገድሉ የፈለጉት!» አለ ባሏ ወልደየሱስ፣ የመሬት ልኬት ሠራተኛው። «ወተቱን ያመጣችው እህቷ ናት። መርዙን የሰጣት ደግሞ ጎረቤታችን ዳልጮ። አገርነሽ ባትቀምስልኝ ኖሮ ሟቹ እኔ ነበርኩ።»

«ሁልጊዜ ትቀምስልዎታለች?»

«አንድ ጉንጭ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ።»

በዛብህ ወደ ጓዳ ዘለቀ። የሟቿ ታናሽ ሉሊት ወተቱን ከጫኖ ያመጣችበትን ቅል አቅፋ ታለቅሳለች።

«ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖረች፣ ጓድ መቶ አለቃ። ገበያ ስትሄድ ሰዓት ይይዝባታል። ከሰው ጋር ከሳቀች ‹በእኔ ነው የሳቃችሁት› ይላታል። እኔ የምልክላትን ደብዳቤ እየደጋገመ አንብቦ የተደበቀ ነገር ይፈልግበታል። እብድ ነው እንዳንል በመሥሪያ ቤቱ ምስጉን ሠራተኛ ነው። እሷም ‹ባሕርዩ ነው፤ እኔን ካመነኝ ይሻለዋል› ትል ነበር።»

«ከቅሉ ሌላ ሰው ጠጥቷል?»

«እኔ። ውሃ ጥሙ ሲያቃጥለኝ በጣሳ ቀድቼ ጠጣሁ። ከዚያ ውሃ ልቀዳ ቦኖ ወረድኩ። ስመለስ…» መጨረስ አቃታት።

ዳልጮ የጥጥ እርሻ መጋዘን ኃላፊ ነው። «አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ጎድሎብኝ ትናንት አመልክቻለሁ» አለ። «እዚህ ግቢ ግን ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው። አቶ ወልደየሱስ ‹ትሰልለኛለህ› ብለው ከልክለውኛል።»

«በዚህ ሳምንት መጋዘኑ ውስጥ ማን ገባ?»

«ስፋቱን ሊለኩ የመጡት እሳቸው ብቻ።»

በዛብህ ሦስቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰባቸው። አስከሬኑ ነጠላ ለብሷል።

«ሉሊት ከቅሉ ጠጥታ ደህና ናት» ሲል ጀመረ። «ስለዚህ መርዙ የገባው ቅሉ ውስጥ አይደለም፤ ብርጭቆው ውስጥ ነው። ሉሊት ቦኖ ስትወርድ ቤት የነበሩት እርስዎና ባለቤትዎ ብቻ ናቸው። መጋዘኑን የረገጡት ደግሞ እርስዎ ነዎት እንጂ እሷ አይደለችም። አንድ ጉንጭ የሚያስቀምሷት ሴት ዛሬ ብርጭቆውን ጨረሰች። ለእርስዎ የተረፈ የለም፣ አቶ ወልደየሱስ። መጀመሪያውኑ ሊጠጡት አላሰቡም።»

በዛብህ ወደ ባዶው ብርጭቆ አመለከተ።

«ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ለምን ጠጣችው?»

«ልፈትናት መርዙን ጨመርኩና ‹ጨርሺው› አልኳት።» ድምፁ የተረጋጋ ነበር። «ከእነሱ ጋር ካበረች አትነካውም። ትገፋዋለች ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ሸተታት። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጠጣችው።»

ሉሊት ፊት ለፊቱ ቆመች። «አሁንስ አመንካት?»

«አዎ» አለ። «አሁን አመንኳት።»

በዛብህ ካቴናውን ሲያወጣ ወልደየሱስ እጆቹን ራሱ ዘረጋ። ፊቱ እንቅልፍ እንደጠገበ ሰው ፊት ተፍታቷል። ሉሊት ያን ፊት ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ፣ እህቷን ወደ ጫኖ የምትወስድበት መኪና ፍለጋ ወጣች።