የደረቀው ትራስ

ልብስ ሰፊዋ በሞተች በሦስተኛው ቀን ባሏ ፀጉር አስተካካዩ ጡረታ የወጣችውን መርማሪ አስጠራ። ሴትዮዋን ሰፈሩ «አነፍናፊ» ነው የሚላት፤ እንኳን ሰው ግድግዳ ታናዝዛለች።

ሳሎን የሟች እናትና ታናሽ እህቷ ተቀምጠዋል።

«እሷ ናት የገደለቻት!» አለ ባል፣ ጣቱን ወደ እህትየዋ ቀስሮ። «ክኒኑን በየጠዋቱ የምትሰጣት እሷ ነበረች። ቀይራባታለች! ዛሬውኑ አስይዛታለሁ!»

«ረጋ በል አንተ ልጅ፣ አልሸሸችብህ» አለች መርማሪዋ።

እህትየዋ ነርስ ናት። «የእህቴ የጡት ካንሰር የሴት ሆርሞን ሲያገኝ የሚፋፋ ዓይነት ነው» አለች ድምጿ እየተቆራረጠ። «ክኒኑ ሆርሞኑ የሚገባበትን በር ቀድሞ ይይዝና ያስርበዋል። ግን ያቃጥላታል፤ በላብ ያጠምቃታል።»

መርማሪዋ መኝታ ቤት ገባች። ክኒኑ ትክክለኛው ነው፤ ቁጥሩም ልክ። ማራገቢያው ግን አቧራ ለብሷል። ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት የትራስ ልብሶች በላብ ወይበዋል፤ አልጋው ላይ ያለው ንጹሕ ነው።

«ላቡ መቼ ተዋት?» አለች ወደ ሳሎን ተመልሳ።

«ዓመት አለፈው» አሉ እናት። «እኔ ነኝ ያስጣልኳት። ገበያ ላይ አንዷ የሸጠችልኝ ቅባት አለ፤ በየቀኑ ጀርባዋን አሻት ነበር።»

መርማሪዋ እናትን ወደ ጓዳ ወሰደቻቸው። «እርስዎስ ደህና ነዎት እማማ?»

«አፈር ልብላ! በስድሳ ስምንት ዓመቴ የወር አበባ መጣብኝ። ጡቴም እንደ ኮረዳ አጎጠጎጠ። ለማን ይወራል?»

«ባል እንፈልግልዎታ!»

ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ መርማሪዋ የቅባቱን ብልቃጥ አየች፤ ጽሑፍ የሚባል የለበትም። ወዲያው ላቦራቶሪ ላከችው።

ውጤቱ የመጣ ቀን ሦስቱንም ሰበሰበች።

«ክኒኑ አልተቀየረም፤ ልጅቷ ንጹሕ ናት» አለች። «ክኒኑ ሳይቋረጥ ላቡ ጠፋ። ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ እርስዎም በዚህ ዕድሜዎ የወር አበባ አዩ። ሁለታችሁን የነካው አንድ ቅባት ነው። የሴት ሆርሞን አለበት፤ በቆዳ ይገባል። ክኒኑ በሩን ሲጠብቅ፣ ሆርሞኑ በየቀኑ ይጎርፍበት ነበር፤ ላቡን ያደረቀውም እሱ ነው።»

«ታዲያ እሱ ነው የገደላት?» አለ ባል።

«ሐኪሟን ጠየቅኩት። ሊሆን ይችላል አለኝ፤ ያለሱም ካንሰሩ ሊመለስባት ይችል ነበር አለኝ።»

«ሻጯስ?»

«ገበያውን አሰስኩት። የለችም።»

የባል ጣት ዛሬ የሚቀሰርበት አጣ።

«ሳሻት እኮ ‹እፎይ እማዬ› ትለኝ ነበር» አሉ እናት። ተነሡና ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ወደ አማቻቸው ዘረጉ። «በል ልጄ። እኔን አስይዘኝ።»

ባል ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። የእናት እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ።