የነሐሷ ርግብ ትከሻ

«ሙቀቱን ጨምሪበት!» አለ ችኩሌ፣ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ እየጎተተ።

«ጨመርኩ እኮ! ሺህ ሁለት መቶ አድርጌዋለሁ።»

«ታዲያ ምንቃሯ የት አለ?»

ምንቃሯ የለም። ኮምፒውተሩ ላይ የቀለጠው ነሐስ በርግቧ ጅራት ገብቶ ሆዷን ይሞላል፤ አንገቷ ጋ ሲደርስ ቀዩ ቢጫ፣ ቢጫው ሰማያዊ ይሆንና ቀጥ ይላል። ረጋ ማለት ነው። ስምንት ጊዜ ሞክረው ስምንቱንም ጊዜ ምንቃር የሌላት ርግብ ወጣች። እውነተኛዋ ርግብ ግን፣ ያቺ ሙዚየም ውስጥ ያለችው፣ መርፌ የመሰለ ምንቃር አላት። የጎደላት ቀኝ ክንፏ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ልጅ እሜቴ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ገና በአራት ዓመቷ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ በነሐስ ማቅለጫ ቤቱ ውስጥ እየተዘዋወረች ሠራተኛውን ሁሉ «ይሄ ምንድን ነው? ለምን?» እያለች ታፋጥጥ ነበር። አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል፤ ስሙም ጠያቂነቱም አልለቀቋትም። ችኩሌ የክፍል ጓደኛዋ ነው። ለእሱ ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ያወጣለት ሰው ግን አልተሳሳተም።

ርግቧን ያመጣችላቸው የእሜቴ አክስት ናት። አክስቷ የጥንት ዕቃዎች ተመራማሪ ናት፤ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው ቤት ወለል ሥር ቆፍራ ያወጣቻትን ርግብ በሁሉም በኩል በካሜራ አንስታ ቅርጿን ለኮምፒውተር አዘጋጀችው። «ነሐሱ መጨረሻ ላይ የረጋው የት ጋ እንደሆነ ፈልጉልኝ፤» አለቻቸው። «የድሮው አቅላጭ ምን ከምን ጋር እንደቀላቀለ የሚነግረኝ ያ ቦታ ነው።» ለእነሱም ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ትርኢት ሥራ ሆነላቸው።

«ባክሽ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ በይው፣» አለ ችኩሌ። «ደወሉ ሊደወል ነው።»

እሜቴ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ቁጥሩን ጻፈችው።

ነሐሱ ተንደረደረ። ሆድ፣ አንገት፣ ምንቃር፣ ሁሉም ሞላ። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ቀኝ ትከሻዋ ላይ፣ ልክ ክንፉ የተሰበረበት ቦታ፣ መጨረሻ ላይ ረግቶ ባዶ ጉድጓድ የተወ ቀይ ነጥብ ታየ፤ ክንፉ የተሰበረው በዚህ ጉድጓድ ምክንያት ይመስላል። ችኩሌ ጠረጴዛውን ደበደበው። እሜቴም ጮኸች። ደስ ብሏት ነበር፤ ግን ደስታው ውስጥ አንድ ነገር ቅር አላት። ያን ቁጥር ያገኘችው ከየትም አይደለም፤ ምንቃሩ እስኪሞላ ድረስ ነው የጨመረችው።

ቁጥሩን ማንም አልጠየቃትም። መምህራቸው «አሪፍ ሥራ ነው!» አሉ። አክስቷ ሥዕሉን ስታይ ሁለቱንም አቅፋ ሳመቻቸው።

«የሙዚየሙ ኮሚቴ የፈቀደልኝ አንድ ጊዜ ብቻ እንድቆርጥ ነው፤» አለች። «የሩዝ ፍሬ የምታክል ቁራጭ። ከዚያ በኋላ ርግቧን የሚነካት የለም። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንግዶች ባሉበት ትከሻዋን እቆርጣለሁ፤ እናንተ ደግሞ ሥዕሉን ታብራራላችሁ።»

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እሜቴ ሥዕሉን ጥቁር ካርቶን ላይ ለጥፋ፣ በብብቷ ይዛ አባቷ ጋ ሄደች። አብረው ወደ ቤት ሊሄዱ ነበር። እሱ ግን ገና ነሐስ እያፈሰሰ ነው።

የማቅለጫ ቤቱ በር ላይ አንድ ረጅም መደርደሪያ አለ። አባቷ የተበላሸ ሥራ መልሶ ለማቅለጥ አይቸኩልም። ጆሮ የሌለው ደወል፣ ሆዱ የተቦረቦረ የውሃ ቧንቧ፣ ግማሽ ፊት ያለው አንበሳ፣ ሁሉም እዚያ ይደረደራሉ፤ ከሥራቸው የተበላሹበት ምክንያት በጠመኔ ይጻፋል። «ምክንያቱ ሳይጻፍ አይቀልጥም» የቤቱ ሕግ ነው። አንዳንዱ ዕቃ ምክንያቱ እስኪገኝ ሁለት ዓመት ተቀምጧል።

አባቷ በጉጠት ከምድጃው ነሐስ የሚሞላበት አንድ ባዶ የሸክላ ቅርጽ አወጣ። በቅጠል ያጌጠ የበር እጀታ ሊሠራ ነው። ሸክላው ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ ግሏል። አሸዋው ውስጥ አቆመውና የቀለጠውን ነሐስ ሳያቋርጥ፣ ሳይቸኩል ሞላበት።

«አባዬ፣ ቅርጹን ለምንድን ነው የምታግለው?»

«ቀዝቃዛ ከሆነማ ቅጠሉ ጋ ሳይደርስ ይረጋብኛል።» ላቡን በክንዱ ጠረገና ፈገግ አለ። «ይህንን በአራት ዓመትሽ ጠይቀሽኛል እኮ! ዘነጋሽው?»

እሜቴ ቀልቧ ተገፈፈ። ፕሮግራሙ ላይ «የቅርጹ ሙቀት» የሚል ሳጥን ነበር። ውስጡ ሃያ አምስት ይላል። ሲከፈትም ሃያ አምስት ነበር፤ አልነካችውም። ርግቧን ዘጠኙንም ጊዜ ያፈሰሰቻት ቀዝቃዛ ሸክላ ውስጥ ነው።

«ነሐሱን ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ብታደርሰውስ?» አለች፣ ድምፅዋን ቀለል ለማድረግ እየሞከረች።

ከአባቷ ጋር የሚሠራው ሽማግሌ ሳቀ። «ምን ሊፈስ! ጢስ ሆኖ በጣራው ይወጣል እንጂ። ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ኮምፒውተሩ ነው፣» አለች እሜቴ።

ላፕቶፑን በአባቷ ጠረጴዛ ላይ፣ በሰም ፍርፋሪ መሃል ከፈተችው። ቅርጹን ስድስት መቶ፣ ነሐሱን ሺህ አንድ መቶ ሃያ አደረገች። ነሐሱ ያለ ግርግር ሄደ፤ ምንቃሩም ሞላ። ትከሻው ቶሎ ረጋ፣ ደህና ነው። መጨረሻ ላይ የረጋው ደረቷ ሥር፣ ማንም የማያየው ቦታ ነው። አንዴ ደገመችው፤ ያው ነው። ክንፉ የተሰበረው እንግዲህ በአቅላጩ ስህተት ላይሆን ይችላል።

ችኩሌ ጋ ደወለች።

«አታካብጂ!» አለ። «ትከሻ ይሁን ደረት፣ ማን ያውቃል? ርግቧ ሺህ ዓመት ዝም ያለች አሁን ነው የምትናገረው?»

«የአክስቴ መጋዝ ያውቃል።»

«እንዋረዳለን እኮ፣ እሜቴ፤» አለ ችኩሌ፣ ቀስ ብሎ።

እሷም ፈርታለች። እንግዶቹን፣ መምህሩን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአክስቷን ፊት ፈርታለች። ዝም ብትል ነገ ይጨበጨብላታል። ርግቧ ግን ትከሻዋ ላይ ለዘላለም ጠባሳ ይዛ ትቀራለች፤ ሁለተኛ መቁረጥም የለም።

ለአባቷ ነገረችው። ጓንቱን እያወለቀ እስከ መጨረሻው ሰማት።

«እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለ።

«ኮምፒውተር ስለማታውቅ…» ብላ አንገቷን ደፋች።

«በእጅ የያዙት ወርቅ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ቅር ያለው ይመስላል፤ ግን አልተቆጣም። «ይሄኛውስ ሥዕል ልክ ነው?»

«አላውቅም። ያኛው ልክ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።»

አባቷ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። ከዚያ እጀታውን ከአሸዋው ሊያወጣ ሄደ። የእሷ ስልክ እጇ ላይ እንደሆነ እንኳ አላስተዋለም።

እሜቴ ስትደውልላት አክስቷ ወዲያው አነሳች። እሜቴ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች፤ ካቆመች ሐሳቧን እንዳትቀይር ፈርታ ነው።

«ሰው ጠርቻለሁ እኮ፣ እሜቴ።»

«አውቃለሁ።»

«ያንን ቁጥር ያስገባው ማን ነው?»

ችኩሌ ጨምሪ ብሏል። ፕሮግራሙም ሃያ አምስቱን ይዞ ነው የመጣው። ሁለቱም እውነት ነው።

«እኔ ነኝ፣» አለች።

አክስቷ በረጅሙ ተነፈሰች። «እሺ። መጋዙን አላነሳም። አዲሱን ሥዕል ከነቁጥሩ ላኪልኝ፤ አባትሽም ይየው። ነገ ባትመጡም ይገባኛል፤ ለእንግዶቹ እኔ የሆነ ነገር እላቸዋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። እሜቴ እንባዋ መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። ካርቶኑን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። ሥዕሉ አሁንም ያምራል፤ ያቺ ቀይ ነጥብ ትከሻው ላይ ታበራለች። አባቷ ከኋላዋ መጥቶ ጆሮ የሌለውን ደወል ወደ ጎን ገፋ፣ ለካርቶኑ የሚበቃ ቦታ ለቀቀላት፣ ጠመኔም አቀበላት።

ከሥዕሉ ሥር ጥቁሩ ካርቶን ላይ «ኮምፒውተሩ» ብላ ጀመረች። አየችው። በመዳፏ አጠፋችውና እንደገና ጻፈች፦ «ቅርጹን ሳላግል አፈሰስኩ። እንዲሞላልኝ ብዬ ሙቀቱን ጨመርኩ።» ቀኑንም ጻፈች።

«በይ አስቀምጪው፣» አለ አባቷ።

እሜቴ ጠመኔውን መለሰችለት፤ ካርቶኑን ግን ጽሑፉ እንዳይጠፋ ከላይ ከላይ ይዛ መልሳ በብብቷ አደረገችው።

«ነገ ከሰዓት አስቀምጠዋለሁ፤» አለች። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያስፈልገኛል።»