ለዴላ ፍሬን አይያዝም

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። በእናቴ እንዳልምል አፈር ከለበሰች ቆይታለች። በመጽሐፍ ቅዱስ እንዳልምል ደግሞ የሃስኪን ቄስ እጄን ከመጽሐፉ ላይ አንስተው «ተው ክላይድ፣ ይቅርብህ» ብለውኛል። ስለዚህ በፊት ጥርሶቼ እምላለሁ። ከዋሸሁ ይርገፉ።

የሆነው እዚሁ ካንሳስ፣ ኮረብታው ሁሉ ሣር በሆነበት በእኛ አገር ነው። ሃስኪን ከተማ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የብስክሌት ውድድር አላት። ሰዎቹ ጎህ ሲቀድ ይነሡና ቀኑን ሙሉ በፒስታ መንገድ ሲጋልቡ ውለው ሳይጨልም ይመለሳሉ። አስፋልት አይነኩም። ሰማዩ ከጠራ ጠጠሩ ጎማ ይበላል፤ ከዘነበ ጭቃው ጎማውንም ባለጎማውንም ይበላል። የእኛ ጭቃ ሙጫ ነው። አንድ ጊዜ የአክስቴን ባል ቦቲ ነጥቆ አስቀርቶ፣ በዓመቱ ስንመለስ ቦቲው እዚያው ቆሞ ሲጠብቀን አገኘነው። ለዚህም ነው ተወዳዳሪው ሁሉ ከቀለም ሱቅ በነጻ የሚሰጠውን ጠፍጣፋ የቀለም መማሰያ እንጨት ጀርባው ላይ ሻጥ አድርጎ የሚነሣው። ጎማው በጭቃ ሲታነቅ ይወርድና በዚያ እየፋቀ ያላቅቀዋል።

ከሁሉም ኋላ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ትከተላለች። መጥረጊያዋ እንላታለን። የውድድሩ ባለቤት እትዬ ቨርና ባወጡላት ሰዓት ትሄዳለች፤ የደረሰችበት ሰው አለቀለት። ቁጥሩን አስረክቦ፣ ብስክሌቱን ጭኖ፣ ከኋላ ሸራው ሥር ይገባል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሙ «ጥራጊ» ነው። ሹፌሩ ሩዲ ያንትስ ነበር። ቁጥር ተቀባዩና ጫኙ እኔ።

ሩዲ ዝምተኛ ነው። ጠዋት የጠየቅከውን ምሳ ላይ ይመልስልሃል። መልኩ ደህና ነው፤ ልቡ ግን ከመልኩ ይበልጣል። ችግር ያመጣበትም ልቡ ነው።

ዴላ ሆሎቬክ ደግሞ ሃስኪን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያዝንላት ልጅ ነበረች። ቀኝ እግሯ ከተወለደች ጀምሮ ቀጭንና አጠር ያለ ነው፤ እስክታድግ በብረት ታስሮ ነው የሄደችበት። ትምህርት ቤት ሩጫ ሲሮጡ ልጆቹ እሷ እንድትቀድም እያወቁ ይወድቁላት ነበር። አንድ ቀን አንደኛ ወጥታ ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ ሲያጠልቁላት አንዱ ልጅ ሲስቅ አየች። ሜዳሊያውን የከብት ማጠጫ ገንዳ ውስጥ ጣለችው። አባቷ ጋሽ ኤሚል፣ ደጉ ከብት አርቢ፣ እስካሁን በየውድድሩ መጨረሻው መስመር ላይ ብርድ ልብስ ይዘው ይቆማሉ። እሷ ብርድ ልብሱን አይታ ነው ጥርሷን የምትነክሰው።

ሁለቱን ያገናኘቻቸው መጥረጊያዋ ናት። ያኔ፣ ከሁለት ሚያዝያ በፊት፣ ከተማው ሊታይ ሲል ከፊታችን የቀረችው ዴላ ብቻ ነበረች። ሩዲ ከኋላዋ ሲያያት ነው የዋለው። መንገድ እንደሚያይ ሰው አይደለም ያያት፤ እሱን እኔ ልንገራችሁ። ልንደርስባት ስንል መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመና «ጎማ ተነፈሰ» አለ።

ዴላ ዞር ብላ አየችን። ብስክሌቷን አዞረች። መጥታ በዚያች በቀጭኗ እግሯ የመኪናዋን ጎማዎች አንድ በአንድ እየዞረች ረገጠቻቸው። ሁሉም ድንጋይ ነበሩ።

«የትኛው ነው የተነፈሰው?» አለችው።

ሩዲ መሬት መሬቱን አየ። 

«አገር ሁሉ ሲያዝንልኝ ነው ያደግኩት» አለች። «አንተን ግን አላውቅህም። ምን አድርጌህ ነው?»

ቁጥሯን ከብስክሌቷ መሪ ላይ ገንጥላ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችው። ብስክሌቷን ራሷ ጫነች። ሸራው ሥር ገባች። ከተማ እስክንደርስ ሩዲ በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ ነበር፤ በመስታወቱ ግን የሚታየው ሸራ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው አላረፈም። ዴላ የምትሠራው የከብት ሐኪሙ ዘንድ ነው። ሩዲ ይቅርታ መጠየቅ ፈልጎ ባዶ እጁን መሄድ ስላፈረ የጎረቤት ውሻ ተውሶ ሄደ። በሌላ ሳምንት የቄሱን ድመት ወሰደ። ሰው እንስሳቱን መደበቅ ሲጀምር የእኔን ፍየል ለመነኝ። ፍየሌ ጎማ በልታ ምንም የማትሆን ፍየል ናት። ዴላ አፏን ከፍታ አየች፣ ሆዷን ዳበሰች፣ ልቧን አዳመጠች። ከዚያ ፍየሏ ጤነኛ መሆኗን፣ የታመመው ያመጣት ሰውዬ መሆኑን ነገረችው። ሩዲም ምሳ ሰዓት እስኪደርስ አስቦ፣ ልክ ነሽ አላት። ያን ቀን አብረው በሉ። ፍየሌን ረስተዋት ሄዱ፤ አመሻሽ ላይ ብቻዋን መጣች።

በረዶው ሲወርድ ከረመ፣ እነሱም አብረው ከረሙ። በረዶው ሲቀልጥ ሩዲ ተንበርክኮ ሳይሆን አጥር እየጠገነ፣ ምስማር አፉ ውስጥ እንዳለ፣ እንድታገባው ጠየቃት። እዚያው ነበርኩ፤ ሽቦ የያዝኩት እኔ ነኝ።

«ዘንድሮም መጥረጊያዋን የምትነዳው አንተ ነህ?» አለችው።

ምስማሩን ከአፉ አወጣ። «እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እንደማታውቀኝ ሆነህ ንዳ። መልሴን ያን ቀን ትሰማለህ። ፍሬን ከያዝክልኝ ግን፣ ሩዲ፣ ተለያየን። ከሚያዝንልኝ ሰው ጋር አንድ ቤት አልገባም።»

ሩዲ እሺ አለ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

የውድድሩ ቀን ሰማዩ በእኛ ላይ ቂም የያዘ ይመስል ነበር። ዝናቡ ከላይ ወደ ታች መውረድ ትቶ በጎን ይመጣል። በመሃሉ በረዶ እየተቀላቀለ ፊት ይገርፋል። ነፋሱ የአውራ ዶሮን ጩኸት ከአፉ ነጥቆ ወስዶ ሌላ ወረዳ ላይ ሲያስጮኸው ሰምቻለሁ። እትዬ ቨርና ግን ድምፅ ማጉያቸውን ይዘው፣ ዝናብ የፈራ ቤቱ ይተኛ ብለው ሸኟቸው።

ከምሳ በፊት ሸራው ሥር ቦታ ጠፋ። ጎረምሳው፣ ጡንቸኛው፣ ውድ ብስክሌት የገዛው ሁሉ ቁጥሩን እያስረከበ ይገባል። ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። ዴላ የለችበትም። ከሰዓት በኋላ አንድ ዳገት ወጥተን ወደ ታች ስናይ፣ መንገዱን በምታቋርጠው ወንዝ አጠገብ አንዲት ቀይ ነጥብ ትንቀሳቀሳለች፤ ዴላ ናት፣ በቀይ ጃኬቷ። ትጋልባለች፣ ጎማው ይታነቃል፣ ትወርዳለች፣ በእንጨቷ ትፍቃለች፣ ደግሞ ትወጣለች።  ሩዲ መሪውን እንደ ሕፃን እጅ ነበር የያዘው።

ወንዟን ተሻግረን ልንወጣ ስንል መጥረጊያዋ ሰጠመች። ሩዲ ማርሽ ቀያየረ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ጎማው በቦታው ዞረ፤ እኛም እየወረድን ሄድን። ጥራጊው ሁሉ ወርዶ ገፋ። የተረፈን በጭቃ መታጠብ ነው።

ዴላ ሞተሩ ሲጮኽ ሰምታ ኖሮ ቆመች። አየችን። ከዚያ ብስክሌቷን አዞረች።

አመጣጧን ሳይ ከመኪናዋ ጀርባ ሄጄ ቆምኩ።

«ደገምከው አይደል?» አለች ገና ከሩቅ።

 ሩዲ በሩን ከፍቶ ወረደና እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ዴላ እግሯን ልትሰነዝር ጎማ ፈለገች። የሚረገጥ ጎማ ግን የለም፤ ከመኪናዋ ከበሩ በታች የሚታይ ነገር አልነበረም። ዞረች፣ አየች፣ ደግሞ ዞረች። ከዚያ ሳቅ መጣባት። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ሩዲም አፉን ከፍቶ ዝናቡን እየጠጣ ያያታል።

«ሂጂ» አላት። «ካወጣሽኝ የዘገየሁትን አፍጥኜ ማካካሴ አይቀርም።»

«አውቃለሁ።»

«እደርስብሻለሁ።»

«ጭቃ የያዘው መኪና ቀደምኩ ብዬ ላወራ ነው? ይልቅ ድንጋይ አምጣ።»

የውድድሩ ደንብ ተወዳዳሪ እርዳታ አይቀበል ይላል፤ አይስጥ አይልም። ከፈረሰው የድንጋይ አጥር ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን እየመረጠች አቀበለችን፣ ራሷም ተንበርክካ ከጎማዎቹ ፊት አነጠፈች። መጥረጊያዋ እያጓራች ወጣች። ከዚያ ዴላ የቀለም እንጨቷን ከጀርባዋ አወጣችና የሩዲን ካፖርት ከደረቱ ጀምራ ቀስ እያለች ፋቀችለት፤ ጭቃው እየተላጠ ወደቀ። እሱ እጁን ጥሎ ቆሟል። ዓይኗን አላነሳችም። ስትጨርስ እንጨቷን መልሳ ሻጥ አደረገች፣ ብስክሌቷ ላይ ወጣች፣ ሄደች።

 መጥረጊያዋ ሰዓቷን ለመያዝ መፍጠን ነበረባት፤ ሩዲም አፈጠናት። የከተማው የእህል ጎተራ ሲታይ ቀይዋ ነጥብ ሰው ሆነች። ጎተራው አጠገብ ስንደርስ ቀጭኗ እግር ፔዳሉን ስትረግጥ በደንብ ትታየን ነበር።

ለመንኩት። ትንሽ ብቻ ቀስ በል አልኩት፤ ማንም አያውቅም፣ እኔ አፌን እዘጋለሁ አልኩት። ከሸራው ሥር ሳይቀር ጥራጊው የጋቢናውን ጀርባ እየደበደበ ቁም ይለዋል። በመጨረሻ እጄን ወደ እጅ ፍሬኑ ሰደድኩ። ሩዲ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ እጄን መታኝ።

«አትንካው» አለ። «ከእኔ ልትለያት ነው?»

ጎን ለጎን ሆንን። ደንቡ ደንብ ነውና መስኮቱን ከፍቼ እጄን ዘረጋሁ። ዴላ ቁጥሯን ገንጥላ እጄ ላይ አኖረችው። ልጫንሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ መጠየቅ ሥራዬ ነው።

«ጥራጊ ሌላ ቦታ ፈልግ» አለችኝ።

አለፍናት።

ሃስኪን አደባባይ ላይ የደረሱት ተወዳዳሪዎች ድንኳን ሥር ቺሊያቸውን፣ ያን የሥጋና የባቄላ ወጥ፣ በቀረፋ ዳቦ እየበሉ ነበር። ሩዲ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና መስመሩ ላይ ቆመ። ጋሽ ኤሚል ብርድ ልብሳቸውን እንዳንጠለጠሉ መጥተው አንገትጌውን ያዙት። እግሯን እያወቅክ እንዴት ጥለሃት ትመጣለህ፣ ለአንድ ደቂቃ ፍሬን መያዝ ምን ይጎዳህ ነበር፣ አንተ ነህ ልጄን የምታገባው ብለው ያንቀጠቅጡታል። ሩዲ እጁን አላነሳም። 

ዴላ በመንገዱ መታጠፊያ ብቅ አለች። ጎማው ጨርሶ ታንቆ ብስክሌቷን ትከሻዋ ላይ አድርጋዋለች። ቁጥር የላትም። ከውድድር ወጥታለች፤ ግን አላቆመችም። ከጭቃው ውስጥ ዓይኖቿ ብቻ ይታያሉ። ከተማው ዕድሜዋን ሙሉ ሲያጨበጭብላት ኖሯል፤ ዛሬ ግን ማንም እጁን አላነሳም፣ ማንኪያውን እንደያዘ ዝም ብሎ ያያታል። እትዬ ቨርና መስመሩ ላይ የተተከለውን ሰዓት ነቅለው ሊያነሱ ነበር፤ ተዉት። መስመሩን አለፈች። ብስክሌቷን አወረደች።

«አባዬ፣ ልቀቀው» አለች።

ጋሽ ኤሚል ለቀቁት።

«አለፍከኝ» አለችው ሩዲን።

«አለፍኩሽ።»

«ስታልፈኝ አስቻለህ?»

ሩዲ ብዙ ጊዜ ወሰደ። እስከ ነገ ምሳ ሰዓት እንዳይቆይ ፈርቼ ነበር።

«አላስቻለኝም» አለ። «መንገዱ አይታየኝም ነበር። የጋረደኝ ዝናቡ አይደለም።»

ዴላ አየችው። ከጭቃው መሃል ፊቷ ሲፈታ አየሁ።

«ከርሞ አትደርስብኝም።»

«ከርሞም ፍሬን አልይዝልሽም።»

«ከዚያስ ወዲያ?»

«በሕይወቴ አልይዝልሽም።»

«እንግዲያው አገባሃለሁ» አለች፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ከተማ እንዲሰማ ጮክ ብላ። ከዚያ በጭቃ እጇ ፊቱን ይዛ ሳመችው። ጋሽ ኤሚል ብርድ ልብሱን ወዲህ አሉት፣ ወዲያ አሉት፤ የሚያለብሱት ሰው ሲያጡ ራሳቸው ለበሱትና ዓይናቸውን በጫፉ ጠረጉ። በዚያችው ቅጽበት ዝናቡ ቀጥ አለ፣ ደመናው ተከፈለ፣ የፀሐይ ጨረር መጥቶ ሁለቱ ላይ ብቻ አረፈ።

እሺ። ዝናቡ እንኳን አላቆመም። ይቺን የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ ታምራለች ብዬ ነው። እንዲያውም ባሰበት፤ ድንኳኑን ነቅሎ ቺሊውን ውሃ አደረገው፣ ሕዝቡም እየሮጠ ተበተነ። እነሱ ግን መሃል መንገድ ላይ፣ እላያቸው ላይ እየወረደባቸው ቆመው ቀሩ። ወደ ቤት ግቡ ሊላቸው የደፈረ ሰው አልነበረም።