ሕፃኑ ሽማግሌ የት ይቀመጣል?

«ሽማግሌ ከኋላ ተቀምጦ አያውቅም» አሉ ጉካ፣ የጋቶኒ አያት። ከሆስፒታሉ ግቢ፣ ከመኪናው የፊት በር አጠገብ፣ ከዘራቸውን ጭቃ ላይ ተክለው ቆመዋል።

ጋቶኒ ግማሽ አካሏ መኪናው ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ነው። የኋላ መቀመጫው ላይ ያስቀመጠችውን የሕፃን ወንበር በአንድ ጉልበቷ ተጭና፣ የመኪናውን ቀበቶ በሁለት እጇ ትጎትታለች።

«ጉካ፣ እርስዎ እኮ ከፊት ነው የሚቀመጡት። ማን ከኋላ ይሁኑ አለዎት?»

«ስለ እኔ መቼ አወራሁ? ስለዚያኛው ነው የማወራው።» በከዘራቸው ወደ ማዋለጃው ክፍል ጠቆሙ።

ያኛው ከተወለደ ገና ሦስት ቀኑ ነው። ስሙ ግን ንዲራንጉ ነው፤ የጉካ ስም። በአገራቸው ልማድ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወስዳል፤ ስሙን ሲወስድ ደግሞ ሰውዬውንም ጭምር ይወስዳል። ስለዚህ ሾሾ፣ የጉካ ባለቤት፣ ሕፃኑን ገና ሲያዩት «ባሌ መጣ» ብለው ነው ያቀፉት። ማማ እንኳ ሲያለቅስባት «አማቴ፣ ዛሬስ ምን አስቀየምንዎት?» ትለዋለች። ጋቶኒ ደግሞ የሾሾን ስም ስለያዘች የጉካ ሚስት ናት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ሚስቴ፣ ውሃ አምጪልኝ» ሲሏት ነው ያደገችው። በዚህ ሂሳብ የሦስት ቀኑ ወንድሟም ባሏ መሆኑ ነው፤ እሷ ግን እስከዚያ ድረስ ማሰብ አትፈልግም።

የወንበሩን ሥራ ለጋቶኒ የሰጣት አባቷ፣ ባባ፣ ነው። ማማ ለክትትል ስትሄድ አብራ እየሄደች ሲስተር አኪኚ የሚያስተምሩትን ስለሰማች፣ «ትምህርቱ ያለው አንቺ ጋ ነው፤ አንቺው ጨርሺው» ብሎ ተገላገለ። ወንበር መፈለጉ በተሰማ በማግስቱ ዘመድ ሁሉ ወንበር ይዞ መጣ። አጎቷ ኪቤ ያመጣው አንዱ ጎኑ የተጫጫረ ነበር። «ይሄ ልምድ ያለው ወንበር ነው፤ ከነመኪናው ቦይ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል» አለ በኩራት። ግጭት ያየ ወንበር ስንጥቁ ባይታይም ዳግመኛ ልጅ እንደማይቀመጥበት ስትነግረው፣ «እኔም ከወንበሩ ጋር ነበርኩ፤ እኔንም ልትጥይኝ ነው?» ብሎ ተቀየማት። አክስቷ ሙጉሬ ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ ወንበር አመጡ። «ያድግበታል» አሉ። ጋቶኒ ይህን ቃል ታውቀዋለች። ሰባተኛ ክፍል ስትገባ «ታድጊበታለሽ» ተብሎ የተገዛላት የትምህርት ቤት ሹራብ እጅጌው ዛሬም ጣቷን ይሸፍናል።

በመጨረሻ የጎረቤታቸው የመምህርት ንጆኪ ወንበር ተመረጠ። ልጃቸው አድጎ የተወው ነው፤ ግጭት አያውቅም፤ ከሥሩ የተጻፈው የአገልግሎት ዘመንም አላለፈም። ጋቶኒ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተለማመደችበት። ልጅ ስላልነበረ ከጓሮ ሦስት ኪሎ የሚሆን ጥቅል ጎመን ቆርጣ፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ ታስረዋለች፤ ትፈታዋለች፤ እንደገና ታስረዋለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሾሾ ልጁን ለእራት ከትፈውት አገኘች።

አሁን ጎመኑ ቀርቶ እውነተኛው ሊመጣ ነው። ማማም ቃል ገብታላታለች፤ የሰፈሩ ሴቶች እልል እያሉ በሚጠብቁበት በቤታቸው በር ላይ ሕፃኑን ተቀብላ ወደ ቤት ይዛው የምትገባው ጋቶኒ ናት። ይህን ቀን ስታስብ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥታለች።

«የፊት ወንበር የሽማግሌ ነው» አሉ ጉካ እንደገና። «እኔ ከኋላ እሆናለሁ። እሱ ከፊት ይቀመጥ።»

ጋቶኒ ከመኪናው ወጥታ የፊቱን በር ከፈተችና የፀሐይ መከላከያውን ወደ ታች አወረደች። የሕፃን ወንበር ሥዕል አለበት፤ በላዩ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል።

«ይኸው፣ ክልክል ነው። መኪናው ከተጋጨ ከዚህ ውስጥ ኤርባግ ፈንድቶ ይወጣል። ለትልቅ ሰው ነው የተሠራው። ሕፃን ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ እዚህ ከተቀመጠ ግን የሚመታው ራሱን ነው።»

ጉካ መነጽራቸውን አውጥተው ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት። የሻይ ቅጠል ፋብሪካ ከባድ መኪና ሠላሳ ስምንት ዓመት ነድተዋል፤ ሰው ስለ መኪና ሲነግራቸው አይወዱም።

«ይሄ የጃፓን ልጅ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የኛን ልጅ አላሉም።»

«አባባ፣ ልክ ናት።» ሲስተር አኪኚ ከኋላቸው መጡ። ማማ ቀስ እያለች ትራመዳለች፤ ሾሾ ሕፃኑን ታቅፈዋል። ሕፃኑ በሦስት ጋቢ ተጠቅልሎ አፍንጫው ብቻ ይታያል። «ፊቱ ወደ ኋላ፣ ወንበሩ ከኋላ። ከዚህ ግቢ ስንት ልጅ ነው የሸኘሁት መሰለዎት?»

ጉካ ለሲስተር መልስ ሊሰጡ ሲሉ ሾሾ ቀደሟቸው።

«አርባ ስድስት ዓመት አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከድንች ጆንያ ጋር። ስንት ጊዜ ዞረህ አየኸኝ? ይሄኛው ባሌስ ከኔ ጋር ይቀመጥ። ዝም ብለህ ግባ።»

ባባ ወደ ጎማው ጎንበስ ብሎ የሚመረምር መሰለ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ጉካ ከዘራቸውን ከጭቃው ነቅለው ገቡ። ከኋላቸው ላለው ወንበር ቦታ እንዲበቃ ባባ መቀመጫቸውን ወደ ፊት ስለሳበው ጉልበታቸው ደረታቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ጋቶኒ ጋቢዎቹን አንድ በአንድ ፈታች።

«ሊሙሩ ናት እኮ፤ ብርድ ልታስመቺው ነው?» አሉ ሾሾ።

«ማሰሪያው ከጋቢ በላይ ከሆነ ጋቢውን ነው የሚይዘው እንጂ እሱን አይይዘውም ሾሾ። መጀመሪያ አስረዋለሁ፤ ከዚያ በላዩ ላይ ይለብሳል።»

ሕፃኑን ወንበሩ ላይ አስተኛችው። ጎመን አይራገጥም ነበር፤ ይሄኛው ግን አንድ እግሩን ስታስገባ ሌላውን ያወጣል። እስካሁን ያጠራቀመውን ለቅሶ ሁሉ አሁን ለቀቀው። ጋቶኒ ማሰሪያውን ትከሻው ላይ አሳለፈች፤ ቆለፈችው፤ ሳበችው። በደረቱና በማሰሪያው መሃል አንድ ጣቷን አስገባች፤ ሁለተኛው አልገባም። ወንበሩን ይዛ ወዘወዘችው፤ እንዳለ ነው።

ሲስተር አኪኚ ራሳቸው ፈትሸው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ለወንበሩ አሥር ከአሥር። አሁን ሰዎቹ ይግቡ።»

ሰዎቹ ገቡ። ባባ በመሪው በኩል፣ ጉካ ከፊት፣ ማማ በአንድ በኩል፣ ሾሾ በመሃል፣ ከሾሾ አጠገብ ወንበሩ። ጋቶኒ በሩን ይዛ ቆመች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የተለማመደችው በባዶ መኪና ነው። ሰው አልቆጠረችም።

«አንቺስ?» አለች ማማ።

«ከኋላ ዕቃ መጫኛው፣ ፖርቶ ባጋሎ ውስጥ ትግባ፤ የለመደችው አይደል?» አለ ባባ። ከዚያ የሲስተር አኪኚን ዓይን አየና፣ «ለነገሩ ማለቴ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሾሾ እጃቸውን ዘረጉ። «ምን አስጨነቃችሁ? ፈትታችሁ ስጡኝ። ፕላስቲኩ ፖርቶ ባጋሎ ይግባ፤ ልጁ ጭኔ ላይ፣ ሞክሼዬ አጠገቤ። ሰባት ልጅ በጭኔ ይዤ አንዱንም አልጣልኩም። ደግሞ ሩቅ መሰላችሁ? ሃያ ደቂቃ ነው።»

ጋቶኒ ወደ ሕፃኑ ጎንበስ አለች። የሾሾ ጭን ሰፊ ነው፤ እሷም ያደገችበት ነው። አጠገባቸው ብትቀመጥ ጣቱን እስከ ቤት ድረስ ይዛው ትሄዳለች። ሃያ ደቂቃ። ሰባት ልጅ አልወደቀም። ሕፃኑም እንደ ታሰረ ያለቅሳል። ሁሉም እሷን ነው የሚያዩት፤ ሲስተር አኪኚም ጭምር።

ማሰሪያውን የሚፈታው ቀይ ቁልፍ ላይ ጣቷ አርፏል። አነሳችው። ጋቢውን በሕፃኑ ላይ አለበሰችና ዳር ዳሩን ጠቀጠቀችው።

«እኔ በማታቱ እመጣለሁ» አለች ወደ ሚኒባስ ታክሲዎቹ ፌርማታ እየጠቆመች።

«በሩ ላይ…» ማማ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ቀና ብላ ደመናውን አየች። «ዝናቡ ከመጣ ሴቶቹን ደጅ ማቆም አንችልም ልጄ። ከቀደምሽን ግን አንቺ ነሽ የምትይዢው። ቃሌ ቃል ነው።»

«እንጸልይ» አሉ ጉካ። ጉልበታቸው አፋቸው ሥር ስለሆነ ድምፃቸው ታፍኖ ነው የወጣው። ስለ መንገዱ ጸለዩ፤ ስለ ድልድዩ፤ ስለ አራቱ ጎማዎች፤ ስለ ፍሬኑ፤ ስለ ማታቱ ሹፌሮች ንስሐ። ሁሉም ዓይኑን እንደ ጨፈነ ጋቶኒ አንድ ዓይኗን ገልጣ በእጇ የጉካን ቀበቶ ከትከሻቸው አጠገብ ሳበችና ቀስ ብላ ቆለፈችው። ጉካ ጸሎታቸውን አላቋረጡም። «አሜን» ካሉ በኋላ ቀበቶውን ወደ ታች ዝቅ ብለው አዩት፤ አዩት፤ ተዉት።

መኪናው ከግቢው ወጣ። ጋቶኒ ወደ ማታቱ ፌርማታ ሮጠች።

የመጀመሪያው ማታቱ ሞልቶ ነበር። በሁለተኛው ከሹፌሩ ጀርባ፣ በመስኮቱ በኩል ቦታ አገኘች። የመቀመጫውን ቀበቶ ከሥሩ ጎትታ አውጥታ፣ አቧራውን አራግፋ አሰረችው።

«አቦ፣ አውሮፕላን መሰለሽ እንዴ?» አላት ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ። «ምሳ እኮ አናቀርብም።»

ሰው ሳቀ። ጋቶኒም ሳቀች፤ አልፈታችውም ግን።

ማታቱው እየበረረ የሻይ እርሻውን ዳገት ጀመረ። ሁለት መኪና ደርቦ አለፈ፤ ሦስተኛ። በዚህ አያያዝ ልትቀድማቸው ነው። በሩ ላይ ቆማ ልትጠብቃቸው ነው። ከዚያ ማታቱው በድንገት ፍሬን ያዘ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ተነቀነቀ።

«ምንድነው ደግሞ?» አለ አንድ ተሳፋሪ።

«አንድ ፋራ ነው። በእግሩ ቢሄድ ይሻለዋል» አለ ሹፌሩ።

ጋቶኒ በሹፌሩ ትከሻ አሻግራ አየች። ከፊታቸው ነጭ ፕሮቦክስ፣ የኋላ መብራቱ በክር የታሰረ፣ ቀብር እንደሚሸኝ መኪና ይሄዳል። የባባ መኪና ነው። ባባ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነድቶ አያውቅም።

ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ፕሮቦክሱ ይበልጥ ቀስ አለ።

«ምን ጭኖ ነው?» አሉ አንድ ጎልማሳ ከኋላ።

«ደርበው፤ ደርበውና እንገላገል!» አለ ረዳቱ ጣሪያውን እየደበደበ።

ኩርባው ቀርቧል። ከኩርባው ወዲያ ምን እንዳለ አይታይም፤ የሻይ ቅጠል የሚጭኑት ከባድ መኪናዎች በዚህ ሰዓት ከላይ ይወርዳሉ። ሹፌሩ ማርሽ ቀየረ። መሪውን ወደ መንገዱ መሃል ጠምዘዝ ሲያደርገው ጋቶኒ የፕሮቦክሱን ጎን አየች፤ ከዚያም የጉካን ባርኔጣ። ካለፏቸው በአምስት ደቂቃ ቤት ትደርሳለች። ዝም ብትል ይበቃል። ማንም እሷን አይጠይቅም።

«አይደርቡ» አለች።

ሙዚቃው ስለጮኸ የሰማት የለም። የሹፌሩን ትከሻ ነካችው።

«ጋሼ፣ አይደርቡ። እዚያ ውስጥ የሦስት ቀን ልጅ አለ። ወንድሜ ነው።»

ሹፌሩ በመስተዋቱ አያት። መኪናው ለትንሽ ጊዜ በመንገዱ መሃል እንዳለ ሄደ። ከዚያ እግሩን አነሳ፤ ወደ ረድፉ ተመለሰ። ኩርባውን ሲያዞሩ ቅጠል እስከ አፍ ገደፉ የጫነ መኪና እያጓራ ወረደ፤ ነፋሱ መስኮቱን አራገበው። ሹፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ።

«የበኩር ነው?» አሉ ጎልማሳው ከኋላ።

«ከወንድ፣ አዎ።»

«ስንት ኪሎ?»

«ሦስት ከሁለት መቶ።»

«እሰይ» አሉ። ረዳቱ በሩን ገርበብ አድርጎ ዘጋና ተቀመጠ። ከኋላቸው የመኪና ሰልፍ ተከማችቶ ክላክሱን ያንባርቃል። ባባ ከኋላው ማታቱ ሲከተለው አይቶ ሳይፈራ አልቀረም፤ አሁን ጭራሽ በአንደኛ ማርሽ ነው።

ዝናቡ መንጠባጠብ ጀመረ። ቤት ሲደርሱ ሕፃኑን ሾሾ ይዘውት ይገባሉ፤ እልልታውንም እሷ ከአስፋልቱ ላይ ሆና ትሰማዋለች። ጋቶኒ ግንባሯን ወደ ፊት አስጠግታ በፕሮቦክሱ የኋላ መስታወት ውስጥ አየች። የወንበሩ ጫፍ ይታያል። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ ወንበሩ ግን አይወዛወዝም። ሕፃኑ ፊቱን ያዞረው ወደ ኋላ ነው፤ ወደ እሷ።