የአምስት ደቂቃ ዝምታ

«አትንቀሳቀሺ!»

ሰምሃል ያሰጣችውን አንሶላ ልታነሳ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ቴራስ መውጣቷ ነበር። ጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ቴሌስኮፕ ላይ አጎንብሷል።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

መልስ የለም። ቆማ ቀረች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቀና አለ።

«ይቅርታ እህቴ። በዳሳ እባላለሁ፤ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ። ፎቶ እያነሳሁ ነበር።»

«የማንን?»

«የጋላክሲ።»

ከቡልቡላ አዳዲስ ሕንጻዎች በላይ፣ ወደ ደቡብ ጠቆማት። ምንም አላየችም። ፎቶውን ሲያሳያት ግን ክንዶቿ የተጠማዘዙ፣ የፈዘዘች ብርሃን አየች።

«ይህ ብርሃን ከተነሳ አሥራ አንድ ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል።»

«እንደ መገናኛ ታክሲ ዘገየ በለኛ!»

ሳቀ። በማግስቱም ወጣች።

በዳሳ የፊዚክስ መምህር ነው። መሣሪያው አሮጌ ስለሆነ አንድ ኮከብ በዓይኑ እየተከተለ ማዞሪያውን በእጁ ያንቀሳቅሳል። አንዱ ፎቶ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ እስኪያልቅ ወሬ የለም፣ ንቅንቅ የለም። ከዚያ አንድ ደቂቃ እረፍት። ሰምሃል ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ በዚያች አንድ ደቂቃ ታወራለች። የእናቷን ሞት በሦስት እረፍት ነገረችው። በዚህ ሁሉ ከተማ «እንዴት ዋልሽ?» የሚላት ሌላ ሰው አልነበረም።

ኅዳር ሲያልቅ ደብረ ብርሃን ያለ ፋብሪካ ሥራ ሰጣት። መልሷን በማግስቱ ጠዋት ይፈልጋሉ። ያን ምሽት ስለ ሥራው ነገረችው፤ እረፍቱ ሊያልቅ ሲል...

«በዳሳ፣ እንድቀር ትፈልጋለህ?»

ካሜራው ቀጭ ብሎ ቀጣዩን ፎቶ ጀመረ። ዓይኑን መሣሪያው ላይ እንደተከለ ቀረ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሦስት...

ሕጉን ታውቃለች። ግን ለዚህ ጥያቄ እንኳ ቀና አይልም? ፎቶው እንዳይበላሽበት ጫማዋን አውልቃ፣ ኮቴዋን ሳታሰማ ወረደች። ጠዋት ፈረመች። ከዚያ በኋላ የእግሩን ድምፅ ደረጃው ላይ ስትሰማ በሯን ትቆልፋለች። አንድ ወር ሙሉ ከግድግዳ በቀር ያናገረችው የለም።

የመሄጃዋ ዋዜማ አላስችላት አለና ወጣች።

«ለምን ዝም አልከኝ?»

«ዝም አላልኩም። ጨርሼ ‹አዎ፣ ቅሪ› አልኩ። ዘወር ስል ወንበርሽ ባዶ ነው።»

«እና አትከተለኝም?»

«መልሱን ሳትሰሚ የሄድሽው ባትፈልጊው ነው ብዬ...»

«አንተ ድንጋይ!»

እንባዋ መጣ፤ መምጣቱ ራሱ አናደዳት።

«አሁን ፈርሜያለሁ። ነገ እሄዳለሁ።»

«እጠብቅሻለሁ።»

«አትጠብቀኝ! ከፈለግከኝ ና። ዓርብ ከላምበረት መናኸሪያ መኪና አለ።»

ዓርብ ምሽት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ተቀምጣ ጠበቀችው። ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። አንድ አውቶቡስ ገባ፤ የለም። ሌላ ገባ፤ የለም። ስልኩ ዝግ ነው። ሁለት ጊዜ ልትሄድ ተነሳች፤ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ተቀመጠች። የመጨረሻው ሚኒባስ ገብቶ ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ፣ ከኋላ ወንበር በዳሳ ጃኬቱ ተጨማዶ ብቅ አለ።

«ለገጣፎ ላይ ጎማ ፈነዳብን፤ ስልኬም ባትሪ...»

«እራት በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«እኔም አልበላሁም» አለችና በረዶ የሆነ እጁን ይዛ ጎተተችው። «ቶሎ ና፣ ምግብ ቤቱ ሊዘጋ ነው።»