ሰኞን የወሰደው እጅ

ሰኞ ጠፍቶ ነበር።

ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ አይደለም የጠፋው። እዚያ እንዳለ ነው። የጠፋው ከፋኮ ውስጥ ነው።

ፋኮ ከቡኤያ ከተማ በላይ በቆመው ተራራ ስም የተጠራ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። እዚያው ከተማ ውስጥ ተጀመረ፤ ባለቤት የለውም። የፈለገ ሰው በነፃ ወስዶ ይሠራበታል፤ ስህተት ያገኘ ደግሞ ማስተካከያ ጽፎ፣ በትክክል መሥራቱን ከሚያሳይ መፈተሻ ጋር ይልካል። የሚላከውን መርምረው፣ በየራሳቸው የይለፍ ቁልፍ የሚያጸድቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሽማግሌው ፓ ንዲቬ ከሞቱ ወዲህ ሁለት ቀሩ፤ ታካንግና እናንጋ።

ማክሰኞ ጠዋት እናንጋ ኮምፒውተሯን ስትከፍት አንድ ደብዳቤ ጠበቃት። ከዛምቢያ ገጠር ነው፤ ከአንዲት ነርስ።

«እኛ ጋ የሕፃናት ክትባት ሰኞ ነው። በፋኮ የተሠራው ፕሮግራማችን ግን ስልሳ አንድ እናቶችን ማክሰኞ ኑ ብሎ ጠራቸው። መጡ። እኔ ክትባቱን ይዤ ሌላ መንደር ነበርኩ። አንዷ ልጇን አዝላ አራት ሰዓት በእግሯ ሄዳለች። ምን ልበላት? ሙቲንታ።»

እናንጋ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ መፈለግ ጀመረች።

መብራት ሄደ። መጣ። ደግሞ ሄደ። በሦስተኛው ላይ ጥፋቱን አገኘችው። «ቀጣዩ የሥራ ቀን» በሚባለው ክፍል ውስጥ አንድ አጭር መስመር ገብታለች። ቀኑ ሰኞ ከሆነ ዝለለው፣ ማክሰኞን ስጥ ትላለች። በቃ። በዓለም ላይ በፋኮ ለሚሠራ ሁሉ ሰኞ የሥራ ቀን መሆኑ ቀርቷል።

ማን ላከው? «ጥቁር አሸዋ» የሚባል ሰው። ስሙ የተመዘገበው ማስተካከያው በተላከበት ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት አልታየም፤ ከዚያም በኋላ አልታየም።

ማን አጸደቀው?

እናንጋ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

ፓ ንዲቬ። ሰኞ፣ ኤፕሪል 7፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። ሰውየው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። የሞቱት ረቡዕ ነው።

ታካንግ ሳትደውልለት ደወለ። እሱም ደብዳቤው ደርሶታል።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«የሳቸው ቁልፍ ነው።»

«ቁልፉ የሳቸው ነው። እጁ የሳቸው መሆኑን በምን አወቅህ?»

«እናንጋ፣ ፓ ያለ ኮምፒውተራቸው ሆስፒታል ገብተው ያውቃሉ? ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ማስተካከያ ሲያዩ ፎቶ ያነሣኋቸው እኔ ነኝ።»

«ሳያነቡ አጽድቀው አያውቁም።»

«ታመሙ። ኩላሊት ሲደክም ጭንቅላትም ይደክማል። ማንም አይፈርድባቸውም። ግን ሐሙስ ስብሰባ አለ፤ በፋኮ ለሚሠሩት ሰዎች መልስ መስጠት አለብን። ‹ያለ ምርመራ የጸደቀ ነው› ብለን እንጽፋለን። ከአጽዳቂዎቹ ዝርዝር ላይም ስማቸው ይነሣል። እነሱ የጠየቁት ይሄንን ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት የሠሩት በአንድ መስመር?»

«ስልሳ አንድ ሕፃናት ናቸው፣ እህቴ።»

ያበሳጫት እውነቱን መሆኑ ነው።

«ባለቤታቸው ማ ሊሙንጋ ሰምተዋል?» አለች።

«ለሐዘንተኛ ምን ብዬ? አንቺ ንገሪያቸው።»

እናንጋ አልነገረቻቸውም። ባልቴቷ ባላቸውን ከቀበሩ ገና አንድ ወር አልሞላቸውም። በዚያ ላይ እናንጋ ኮድ መጻፍ የተማረችው በዚያ ቤት ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች። ፓ ንዲቬ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው፣ ጨርቅ ስትለካ አይተው፣ «አንቺ መስመር ላይ ስህተት ታያለሽ። ነገ ነይ» አሏት። ሄደች። ዘጠኝ ዓመት ሄደች።

እስከ ሐሙስ ሁለት ቀን አላት።

ረቡዕ ጠዋት በጋራ ታክሲ ወደ ሊምቤ ወረደች። የሊምቤ ባሕር ዳርቻ አሸዋው ጥቁር ነው፤ ሊምቤ ደግሞ ቤሶንግ አለ። ቤሶንግ አንድ ማስተካከያ ልኮ አሥራ አራት ወር ጠብቋል፤ ዘጠኝ ጊዜ ጽፎ መልስ አላገኘም። ቂም ያለው ሰው ነው። የታመመ ሽማግሌን በስልክ ነዝንዞ «እሺ» ማስባል የሚችልም ሰው ነው።

የተጠበሰ ዓሣ በቦቦሎ፣ በቅጠል በተቀቀለ የካሳቫ ሊጥ፣ እየበላ አገኘችው።

«ማዳም መፈተሻ!» አለ ሳይነሣ። «በአሥራ አራት ወር ያላነበብሽውን ወረቀት እዚህ ድረስ ይዘሽልኝ መጣሽ?»

«ኤፕሪል 7 ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሰኞ አይደለም እንዴ? ሰኞ ሰው የት ይሆናል? ቤቴ። በሩ ተቆልፎ። አንቺስ ከቤትሽ ወጥተሽ ነበር?»

አልወጣችም። ሰኞ ማንም አይወጣም። ሱቅ አይከፈትም፣ ታክሲ አይነሣም፤ የወጣ ሰው የሚደርስበትን ራሱ ያውቃል። ተገንጣይ ታጣቂዎች ሰኞን ዝግ ቀን ካደረጉት ስንት ዓመት ሆነው።

ስልኳን ሰጠችው። ቤሶንግ ጣቱን ጠርጎ አነበበ። ሲጨርስ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም።

«ጥቁር አሸዋ። ስለዚህ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ?»

«ታች ድረስ አንብበሽዋል? ተመልከቺ። ማስተካከያው አንድ መስመር፣ መፈተሻው ሰባት መስመር። እኔ መፈተሻ ጽፌ አውቃለሁ? የድሮዎቹን ስንት ጊዜ ነው በዚሁ የመለስሽብኝ? ‹ቤሶንግ፣ መፈተሻው የታለ? ቤሶንግ፣ ያለ መፈተሻ አልቀበልም።› በሕልሜ ሁሉ ትመጪብኛለሽ።»

እናንጋ ሳትወድ ፈገግ አለች። እውነት ነው። ስንፍናው ምስክር ሆነለት።

ቤሶንግ ስልኩን መለሰላት። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ደግሞ መፈተሻው የሚሞክርባቸውን ቀኖች እይ። ጃንዋሪ 13፣ ፌብሩዋሪ 3፣ ፌብሩዋሪ 10... ሰው ለመፈተሻ ቀን ሲፈልግ ያገኘውን ነው የሚጽፈው፤ ተከታትለው የሚመጡ ሰባት ሰኞዎች ይበቁት ነበር። ይሄ ግን እየመረጠ ነው። እዚህ አንዱን ዘሎ፣ እዚያ ሁለቱን ዘሎ። እነዚህን ሰኞዎች የሚያውቃቸው ሰው ነው።»

ከዚያ ወደ ዓሣው ተመለሰ። «የኔንም አንብቢው እስቲ» አለ አጥንት እየለየ። «ከቀበርሽኝ በኋላ ሳይሆን አሁን።»

ስትመለስ ዝናብ ነበር። ታክሲው ውስጥ በሁለት ወፍራም ሴቶች መካከል ተጣብቃ የድሮ መልእክቶቿን ከፈተች።

ጃንዋሪ 13። ከፓ ንዲቬ፦ «ዛሬም መኪና የለም። ለሐሙስ ይሁን።»

ፌብሩዋሪ 3፦ «መኪና የለም።»

ፌብሩዋሪ 10፦ «የለም። አታስቢ።»

ሰባቱንም አገኘቻቸው። ፓ ንዲቬ ደማቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ በማሽን መታጠብ ነበረበት። የሆስፒታሉ ቀጠሮ ሰጪ ፕሮግራም በፋኮ የተሠራ ነው፤ እንደ ማንኛውም ቦታ ሰኞንና ሐሙስን ሰጣቸው። አንዳንዱን ሰኞ የሚደፍር ሰው አግኝተው ሄዱ። ሰባቱን ግን ቤታቸው ተቀምጠው አሳለፉት።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ሆስፒታሉ የራሱን የዝግ ቀናት ዝርዝር ቢሞላ ይበቃ ነበር፤ ሦስት መስመር ነው። እናንጋ ልትሞላላቸው ሦስት ጊዜ ሄዳለች። መጀመሪያ ደብዳቤ አምጪ አሏት። አመጣች። ማኅተም የለውም አሏት። አስመታች። በሦስተኛው ተቀባዩ ፈቃድ ላይ ነው አሏት። አራተኛ አልሄደችም። ሥራ በዝቶባት ነበር።

አሁን ክፉ ሐሳብ መጣባት። ቀኖቹን ከፓ ከራሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ሕመሙ ሲበረታ በውሸት ስም ጽፈው፣ በራሳቸው ቁልፍ አጽድቀው ቢሆንስ? ከሆነ ታካንግ ልክ ነው። ከሆነ ስማቸው ይነሣ።

ከታክሲው ወርዳ ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ ወደ ፓ ንዲቬ ቤት ሄደች።

ማ ሊሙንጋ በረንዳ ላይ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው እጉሲ ይፈለፍሉ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሴት ናቸው። የዱባ ፍሬ ሲፈለፍሉም የሚቆጥሩ ይመስላሉ።

«በስብሰሻል፣ ልጄ። ግቢ። ፎጣ አለ።»

«ማ፣ የፓን ወረቀቶች ልይ?»

እጃቸው ለአፍታ ቆመ። «እይ» አሉ።

ፓ ንዲቬ ማስተካከያ የሚመረምሩት በወረቀት ነበር። አትመው፣ በእርሳስ ጠርዙ ላይ ይጽፉበታል። ያልተቀበሉትን አይጥሉም፤ በአንድ አቃፊ ያስቀምጣሉ። እናንጋ ከላይ ወደ ታች ገለጠች። ሦስተኛው ላይ ቆመች።

ይሄኛው የታተመ አልነበረም። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ጽሕፈት። ያችው መስመር፦ ሰኞ ከሆነ ዝለለው። ቀኑ ማርች 18፤ ስድስተኛው ሰኞ በከንቱ ባለፈ ማግሥት። ከሥሩ የፓ ንዲቬ እርሳስ፦

«አልቀበልም። ሰኞን ወሰዱብን፤ እኛ ደግሞ በገዛ እጃችን ጽፈን አናስረክባቸውም። ሌላው አገር ሰኞ አለው።»

እናንጋ ወረቀቱን እንደያዘች ቆመች። እሳቸው አይደሉም።

ከዚያ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ አረፈ። የእጉሲ ማሰሮዎች። በእያንዳንዱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የተፈለፈለበት ቀን በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ጽሕፈት።

ወደ በረንዳው ወጣች።

«ማ፣ እርስዎ የተወለዱት የት ነው?»

«ሊምቤ ነዋ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ። መራመድ የተማርኩት ጥቁሩ አሸዋ ላይ ነው።» ሴትየዋ ቀና አላሉም። «ደረስሽበት ማለት ነው።»

«ማ...»

«ቅዳሜ በመኪና ወሰድናቸው። ኮምፒውተሩ ይቅር አልኳቸው፤ ይረፉ ብዬ። ሰኞ ጠዋት ልሄድ ተነሣሁ። መኪና የለም። በእግሬ ወጣሁ፤ መስቀለኛ መንገዱ ላይ ታጣቂዎቹ መለሱኝ። ያ ሰው እዚያ ብቻውን ተኝቷል፤ እኔ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ። ዓይናቸው ከደከመ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ የምጽፍላቸው እኔ ነኝ፤ ቁልፉን አውቀዋለሁ። በራሴ ስም ብልከው ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ሆስፒታሉ በቀጣዩ ቅዳሜ አዲሱን ፋኮ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ሰኞ አይቀጥሯቸውም አልኩ።»

ፓ ያን ቅዳሜ አላዩትም።

«ማንም አይጎዳም ብዬ ነበር» አሉ ማ ሊሙንጋ። «እኛ ጋ ሰኞ የሚሠራ ሰው የለማ። ሌላው ጋም እንደዚያው መሰለኝ። ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ከራሴ በር ውጭ አልቆጠርኩም።»

እናንጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ዝም ብትል ፓ ንዲቬ ይወቀሳሉ። ብትናገር እኚህ ሴት። ተናደደች፤ በታካንግ፣ በመንገዱ፣ ማኅተም ባስመታት ሰውዬ፣ ባልሄደችበት አራተኛ ጉዞ።

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። የነርሷን ደብዳቤ። ስልሳ አንዱን እናቶች። የነገውን ስብሰባ።

ማ ሊሙንጋ የእጉሲውን ሳህን ከጭናቸው አወረዱ።

«ስማቸውን ሊያነሡ?»

«አዎ።»

«ይሄን ሁሉ ቀን አውቀሽ ዝም አልሽኝ?»

«ከትናንት ጀምሮ ነው። እንዳላስከፋዎት ብዬ።»

«የሚያስከፋኝን አንቺ ነሽ የምትመርጪልኝ?» ተነሡ። «ኮምፒውተሩን አምጪ።»

ራሳቸው ጻፉት። እናንጋ ወንበሩን ራቅ አድርጋ ተቀመጠች። መጀመሪያ ለሙቲንታ፣ ከዚያ ለስብሰባው፣ ያለ ማስተባበያ፤ የባሌን ቁልፍ የተጠቀምኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ይህንኑ አንብበው እምቢ ብለውኛል። የእርሳሱን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተው አያያዙት። ከዚያ ያችን መስመር የሚያነሣውን ማስተካከያ ላኩ። ላኪ፦ ሊሙንጋ ንዲቬ።

በእናንጋ ስልክ ላይ ብቅ አለ። አየችው። ትክክል ነው። አጽድቂ የሚለው ምልክት ላይ ጣቷን አቀረበች፤ መለሰችው።

«ማ፣ መፈተሻው የታለ?»

ማ ሊሙንጋ በመነጽራቸው ላይ አዩአት። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የአስተማሪ ፊታቸው ተመለሰ።

«እሳቸውን ሆንሽ» አሉ።

ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። ሰባቱን ቀኖች አንድ በአንድ በቃላቸው ጻፏቸው፤ ጃንዋሪ 13፣ ፌብሩዋሪ 3፣ ፌብሩዋሪ 10፣ እስከ ማርች 31። የሚጠበቀውን መልስ ግን ቀየሩት። በእያንዳንዱ ፊት፦ የሥራ ቀን ነው። የሥራ ቀን ነው። የሥራ ቀን ነው።

እናንጋ ሰባቱንም አነበበች። ሰባቱም አለፉ።

አጸደቀችው። ከዚያ ስልኳን ሳታስቀምጥ የቤሶንግን ማስተካከያ ከፈተች፤ የአሥራ አራት ወሩን። ዓርብ ሆስፒታሉ ክፍት ነው። የዝግ ቀናቱን ሦስት መስመር ይዛ ለአራተኛ ጊዜ ትሄዳለች።